ባንክ ቤት ለቆ ሰርቪስ ማዕከል መግባት፦ የአንድ የአዳማ ልጅ ጉዳይ

ባለጉዳዩ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ 32 ዓመቱ፣ ኢኮኖሚክስ ተመርቆ አዳማ ውስጥ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ላይ ዓመታት የሰራ፣ ያገባ፣ የአንዲት ልጅ አባት። ጥያቄው ባጭሩ ባንኩን ለቅቄ የመኪና ወኪል ድርጅት ሰርቪስ ውስጥ ቴክኒሻን ልሁን ወይስ አርፌ ልቀመጥ የሚል ነበር። የሱንም የባንኩንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፣ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው ግን ከተማዋን ታውቋታላችሁ፣ ፖስታ ቤት ጋ ቁጭ ብለህ አንድ ማኪያቶ ሳትጨርስ ሶስት የሚያውቅህ ሰው ያልፋል።

ወደኔ የመጣው እኔ የወኪል ድርጅት ሰርቪስ ሪሴፕሽን ላይ ስለሰራሁ ነው፣ መኪናውን የምረከብ፣ ጆብ ካርድ (የስራ ማዘዣ) የምከፍት፣ ደንበኛው «ትናንት አወጣኋት ዛሬ ያው ድምጽ ነው» ብሎ ሲቆጣ ፊት ለፊቱ የምቆም ሰውዬ ማለት ነው። ቁልፍ ይዤ መኪና ስር አልገባሁም፣ ግን የትኛው ልጅ ቶሎ እንደሚያድግና የትኛው ዘይት ሲቀይር እንደሚከርም ከዛ መስኮት ጥሩ አድርጎ ይታያል።

ባንክ ውስጥ ያስመረረው ብር መቁጠሩ አይደለም፣ ተቀማጭ አምጣ የሚባለው ነገር ነው። በየወሩ ይሄን ያህል አዲስ አካውንት ይሄን ያህል ዲፖዚት የሚል ታርጌት ይሰጡትና ዘመድ ጎረቤት እየዞረ ይለምናል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ስለ ሞባይል ባንኪንግ ሲያወራ ራሱን ታዘበ፣ እንደውም ሰው ሲያየው መንገድ መቀየር ጀምሯል እያለ ይስቃል። በሌላ በኩል በሰራተኛ ብድር የገዛት ቪትዝ አለችው፣ እሷን ማንም አይነካትም፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ አንዴ እንደውም የውሃ ፓምፑን ራሱ ግቢው ውስጥ ነው የቀየረው። ቪዲዮ እያየ ነው የተማረው። የሰፈሩ ሰው መኪናው ሲያስቸግረው እሁድ እሁድ በራቸውን ያንኳኳል።

መጀመሪያ ያልኩት ነገር ይሄ መውደድህ ብዙም አይቆጠርም ነው። ቅር አለው ግን እውነቴን ነው። የራስህን መኪና ስትሰራ ማንም ሰዓት አይዝብህም፣ ስትፈልግ ቡና ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ ወኪል ቤት ግን ሞተር የሚያወርድ ሰው ከመሆንህ በፊት ለረጅም ጊዜ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሚመጣ ሰርቪስ ነው የምትሰራው፣ ዘይት አፍስስ፣ ፊልትሮ ቀይር፣ ፍሬን ፈትሽ፣ ጎማ አዙር፣ ቼክሊስት ሙላ፣ ቀጣይ። የሚመጡት መኪኖች ደሞ አብዛኞቹ የመስሪያ ቤት ናቸው፣ የኤንጂኦ ላንድክሩዘር፣ የባንክና የመንግስት ሃይሉክስ፣ እንደዛ። ያገሩ ህዝብ የሚነዳት ያገለገለች ቪትዝና ኮሮላ የወኪሉን በር አታውቀውም፣ የሷ ቤት ሰፈር ውስጥ ያለው ጋራዥ ነው። በዛ ላይ አዳማ ቅርንጫፍ ላይ ከሆንክ ከበድ ያለ ስራ ሲመጣ ፈጣን መንገዱ አለልህ፣ 80 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪናው አዲስ አበባ ዋናው ወርክሾፕ ይላካል፣ አንተ የምታየው ሲወጣ ነው። ይሄን ሁሉ ነገርኩት፣ አላፈገፈገም። «ጋሼ እኔ እኮ አሁንም ቀኑን ሙሉ ፎርም ነው የምሞላው፣ ቢያንስ እዛ ፎርሙ ካለቀ በኋላ የተሰራ ነገር አለ» አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ሂሳቡ ገባን።

ሂሳቡ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው እዛ ነው። የባንክ ደሞዙ 21,000 ነበር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሰራበት በአዲሱ የገቢ ግብር እስከ 2,000 ነጻ ነው፣ ከዛ በየደረጃው 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይሄድና ከ14,000 በላይ ያለው ላይ 35 ፐርሰንት ነው፣ ስለዚህ ግብሩ 5,300 ይሆናል፣ ጡረታ 7 ፐርሰንት 1,470፣ እጁ ላይ የሚደርሰው 14,230። ወኪል ቤቱ ለጀማሪ ረዳት ቴክኒሻን የሚከፍለው 9,000 ነው፣ ግብሩ 1,400 ጡረታው 630፣ እጅ ላይ 6,970። በግማሽ ወረደ ማለት ነው። እናቱ ይሄን ብትሰማ እዛው ነበር ነገሩ የሚያልቀው፣ እሱም ራሱ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ሲያየው ዝም አለ።

ከዛ ብድሩን ጨመርንበት። ለቪትዟ 420,000 ብር ቀሪ ዕዳ አለበት፣ በሰራተኛ ወለድ 7 ፐርሰንት፣ በየወሩ 6,800 ከደሞዙ ይቆረጣል። ባንክ ውስጥ የሰራ ሰው ይሄን ያውቃል፣ ስትለቅ የሰራተኛ ወለድ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ጠቅልለህ ትከፍላለህ ወይ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወደ ገበያው ወለድ ትዛወራለህ፣ የሱ ውል ላይ 17 ፐርሰንት ይላል። አስር ፐርሰንት ጭማሪ በ420,000 ላይ በዓመት 42,000 ነው፣ በወር 3,500። ማለትም ወርሃዊ ክፍያው 10,300 ሊደርስ ነው፣ ደሞዙ ደግሞ 6,970። ጠቅላላ ደሞዙን ለመኪናዋ ሰጥቶ ሌላ 3,330 ብር መበደር አለበት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ ባንክ ቤት ያለ ጓደኛችሁን ጠይቁት፣ ስንቱ ነው መልቀቅ እየፈለገ በብድር ታስሮ የተቀመጠው።

ግን አንድ መስመር ቀርቶን ነበር፣ እሷን የጻፈችው ባለቤቱ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ ልጅ አቅፋ ከጎን ስትሰማ ቆይታ «መኪናዋ ባትኖርስ?» አለች። በቃ። አሁን ባንክ እየሰራ 14,230 ይገባል፣ 6,800 ለብድር ይወጣል፣ ለቤቱ የሚተርፈው 7,430 ነው። መኪናዋ ተሽጣ ብድሩ ከተዘጋ በጀማሪ ቴክኒሻን ደሞዝ ለቤቱ የሚተርፈው 6,970 ነው። ልዩነቱ 460 ብር። ነዳጁን ካሰብከው ደሞ እንደውም ትርፍ አለው። ሶስታችንም ደጋግመን ደመርነው፣ ያው ነው። ባንክ ውስጥ ያስቀመጠው ትልቁ ደሞዝ ነው ሲል የነበረው ሰውዬ ትልቁ ደሞዝ ግማሹ ሊሆን ምንም ያልቀረው ቪትዟን ሲቀልብ ነበር የከረመው።

መኪናዋ ደግሞ ጊዜ ረድቷታል። የገዛት ብሩ በገበያ ይመራ ከመባሉ በፊት ነው፣ ከሐምሌ 2016 በኋላ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ለአዳማ ሰው አልነግርም፣ በዛው ዓመት ደሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ ስለነበር ያለው ያገለገለ መኪና ተወዷል። ስለዚህ ሸጦ ባንኩን ከፍሎ የሚተርፈው ብር ለአንድ ሁለት ዓመት መጠባበቂያ ይሆናል። የራሱ ብልጠት አይደለም፣ ዕድል ነው፣ ግን ዕድልም ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ አለቀ እንዳትሉ። ባለቤቱ ያነሳችው ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር፣ የቤት ብድር። ባንክ ሰራተኛ ብዙ ነገር ችሎ የሚቀመጠው በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር አገኛለሁ ብሎ ነው፣ ይሄን ጥለህ ከወጣህ የደሞዝ ልዩነት ምናምን የሚባለው ሁሉ ቀልድ ነው፣ አዳማ ላይ በደሞዝ ቤት መስራት እንዴት እንደሆነ የታወቀ ነው። እሱ ለቤት ብድር ወረፋ ላይ አልደረሰም፣ ቢደርስም በደሞዙ ልክ የሚፈቀድለት ብር በዛሬ የግንባታ ዋጋ የትም አያደርስም ሲል ተከራከረ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን መልቀቅ የፈለገ ሰው ክርክር ነው፣ ደሞዝ ያድጋል፣ የብድር ጣሪያውም ያድጋል። እኔ በበኩሌ የዚህን መልስ አላገኘሁለትም፣ ሚስቱም አላገኘችለትም፣ አውቀውት ነው የገቡበት።

እናቱ ጋ የነበረው ሌላ ታሪክ ነው። «ባንክ ያለ ልጅ አለኝ» ማለት ለሳቸው ቀላል ነገር አይደለም፣ እድር ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ሁሉ ይቀየራል። «ዲግሪ ያስያዝኩህ እጅህ ግራሶ እንዲለብስ ነው?» አሉት፣ ከዛ ለሁለት ሳምንት አላናገሩትም። ሰው ላኩ፣ ሽማግሌ ሊሆን የመጣው ደሞ የሰፈሩ አንጋፋ መካኒክ ሆነና ነገሩ ዞረ። እኚህ ሰው ድሮ ናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ የሰሩ ናቸው፣ ጋሽዬ ነው የምንላቸው፣ አሁን ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። ልጁን እንዲያስተዉት የተላኩት ሰውዬ «እሁድ እሁድ ና፣ ከቻልክ ታያለህ ካልቻልክም ራስህ ትተወዋለህ» ብለው ሄዱ። የምሳ ብር ይሰጡት ነበር፣ ሌላ ክፍያ የለም።

እዛ ጋራዥ የሆነች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔም በቦታው ነበርኩ። አንዲት ሱዙኪ ዲዛየር መጣች፣ ራይድ የምትሰራ። ስትነሳ ትንፈራገጣለች፣ አንዳንዴ ጭራሽ ቀጭ ብላ ትቀራለች። ሹፌሩ ሌላ ቦታ አዲስ ባትሪ ገዝቶ አስገብቷል፣ ያው ነው፣ አሁን ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ነው ብለውት ሞተሪኖ ሊገዛ ነው የመጣው። የኛ ልጅ ቴስተር አወጣና መጀመሪያ ባትሪውን ለካ፣ 12.6፣ ጤነኛ ነው። ከዛ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሹፌሩን አስነሳት አለው። ስትፈራገጥ ቁጥሩ 1.4 ቮልት አለ። ጤነኛ ብትሆን ከ0.2 ብዙም ማለፍ አልነበረበትም፣ ማለት በዛች አጭር ገመድ ላይ ሃይል እየጠፋ ነው፣ ሞተሪኖው የሚገባውን እያገኘ አይደለም። ገመዱን ተከትሎ ወረደ፣ ወደ ሞተሩ የሚታሰርበት ጋ ቡሎኑን ፈታው፣ ከስሩ ቀለም። መኪናዋ ተጋጭታ ባትላሜራ ቤት ገብታ ነበር፣ ሲቀቧት ገመዱ የሚነካው ብረት ላይም ረጭተውበት ቀለሙ ላይ አስረውታል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መልሶ አሰረው። አንዴ ቁልፉን ሲያዞረው ተነሳች።

ሹፌሩ ሊስመው ምንም አልቀረውም። ጋሽዬ ግን ወደ ጎን ጠርተውት «ጥሩ ነው፣ ግን ይሄን ሁሉ ሰዓት ፈጅተህ ስንት ልታስከፍለው ነው?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። ውጪ ያለው ጋራዥ ላይ ሰው የሚከፍለው ለገባ ዕቃ ነው፣ ሞተሪኖ ብትቀይርለት ሳይከራከር ይከፍላል፣ ብሎን ፈትተህ ቀለም ፍቀህ አሰርክ ብሎ የሚከፍልህ ግን መቶ ብር ነው፣ እሷንም «ምን ሰራህ» እያለ። ለዚህ ነው ብዙ ጋራዥ ዕቃ እየቀያየረ የሚፈልገው፣ ሁሌ ሌብነት ስለሆነ አይደለም። ወኪል ቤት ግን መመርመር ራሱ ስራ ነው፣ ጆብ ካርድ ላይ ሰዓቱ ይጻፋል፣ ደንበኛው ወደደም ጠላም ይከፍላል። እኔ ከዛች ቀን በኋላ ነው ይሄ ልጅ የሚሻለው ወኪል ቤት ነው ማለት የጀመርኩት፣ ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ ለሚያስብ ሰው ደሞ ውጪው ገበያ አይሆነውም።

አሜሪካ ዲለርሺፕ ውስጥ የሚሰራ የአጎት ልጅ አለው፣ ለሱም ስልክ ተደወለ። የሱ ምክር መጀመሪያ «እንዳትገባበት» ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዳ እዛ ብዙ ቦታ ፍላት ሬት በሚሉት ነው የሚከፈላቸው፣ መጽሐፉ ለዚህ ስራ ሁለት ሰዓት ይላል፣ አንተ በአንድ ሰዓት ብትጨርስ የሁለት ትወስዳለህ፣ ቡሎን ተሰብሮብህ አራት ሰዓት ብትፈጅም የሁለት ነው። መኪና ካልመጣ ደሞ ቆመህ ትውላለህ፣ ክፍያ የለም ወይም ትንሽ ነው። የዋስትና ስራ ላይ ፋብሪካው የሚፈቅደው ሰዓት ደንበኛው ከኪሱ ሲከፍል ከሚሰጠው ያነሰ ስለሆነ ማንም አይወደውም። መፍቻና ሳጥኑ ሁሉ የራስህ ነው፣ በመኪና እየዞረ የሚመጣ ዕቃ ሻጭ በዱቤ እየሰጠህ ለዓመታት ትከፍላለህ። ከዛ የኛውን ጠየቀው፣ ደሞዝ ነው፣ ዕቃው የድርጅቱ ነው፣ ፈርመህ ትረከባለህ፣ ከጠፋ ካንተ ይቆረጣል። ሰውየው ትንሽ አሰበና «እንደዛ ከሆነ ለመማር የናንተ ይሻላል፣ እኔ ጀማሪ ሆኜ በፍላት ሬት ተርቤያለሁ» አለው። ይሄ ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ ኢንተርኔት ላይ የአሜሪካ ቴክኒሻን ሲያለቅስ አይቶ ሙያው ሞቷል ይላል፣ የሱ ለቅሶ ስለ አከፋፈሉ ነው፣ የኛ ችግር ሌላ ነው፣ የኛ የደሞዙ ማነስ ነው።

ዲግሪው ምን ጠቀመው ለሚለው፣ ማስታወቂያው ላይ ምንም። አውቶሞቲቭ ሌቭል (የቴክኒክና ሙያ ደረጃ) ይህን ያህል፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ያለፈ ይላል፣ አለቀ። ስለዚህ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ባንኩን ሳይለቅ ቅዳሜና እሁድ ኮሌጅ ገባ፣ የጋሽዬ እሁድ በዛው ከሰዓት ሆነች። ባንክ ቅዳሜም ስለሚሰራ ከስራ ባልደረቦቹ ጋር ፈረቃ እየተቀያየረ ነበር የሚማረው፣ አንድ ሁለቱ ወራት ላይ ፊቱ ጥቁርቁር ብሎ ነበር። ሌቭል 2 ሲኦሲ አለፈ። በነገራችን ላይ በልምድ የሰራ ሰውም ሲኦሲ መፈተን ይችላል፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ለዓመታት ጋራዥ የሰሩ ልጆች ይሄን ሳያውቁ ወረቀት የለንም ብለው ይቀመጣሉ። ወኪል ቤቱ የሚፈልገው ግን ሌቭል 3 ነበር፣ እሱ አልነበረውም።

ታዲያ እንዴት ወሰዱት? ዲግሪው ሳይሆን ባንኩ ጠቀመው። ለፈተና ሲጠሩት አንድ መኪና ሰጥተውት ችግሩን ፈልግ፣ ከዛ ያገኘኸውን ጻፍ አሉት። ብዙ ጎበዝ መካኒክ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው፣ እጁ ያውቃል ግን «ፍሬን ተሰራ» ብሎ ይጽፋል። ፋብሪካው ደሞ የዋስትና ክፍያ ሲጠየቅ የደንበኛው ቅሬታ ምን ነበር፣ መንስኤው ምንድን ነው፣ ምን ተደረገ የሚል ለየብቻ ይፈልጋል፣ የተለካው ቁጥር፣ ፎቶ፣ አሮጌው ዕቃ ራሱ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። አንዷ ከጎደለች ክፍያው ይመለሳል፣ ስራው የድርጅቱ ኪሳራ ይሆናል። እኔ መስኮቱ ላይ ሆኜ በዚህ ምክንያት የተመለሰ ፋይል ብዙ አይቻለሁ። የኛ ልጅ የባንክ ሰው ነው፣ ያልተፈረመበት ወረቀት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፣ አንድ ገጽ ጽፎ ሰጣቸው። ማኑዋሉን በእንግሊዝኛ አንብቦ የቡሎኑን ማጥበቂያ መጠን አውጥቶ በቶርክ ሬንች አጠበቀ። በረዳትነት እንቀበልሃለን፣ ሌቭል 3ን እየሰራህ ትጨርሳለህ አሉት።

መኪናዋን መሸጡ ራሱ የራሱ ጣጣ ነበረው። ሊብሬው ባንክ ነው፣ እግድ አለባት፣ ገዢ ደሞ እግድ ያለባት መኪና ሲባል ይሸሻል። የተሰራው እንዲህ ነው፣ ገዢው ቀሪ ዕዳውን በቀጥታ ባንኩ ላይ ገቢ አደረገ፣ ባንኩ እግድ ማንሻ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሊብሬው ወጣ፣ ስም ሲዛወር የቀረው ብር ተከፈለ። ሁሉም በውል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ሰጥቶ ዋስ አቅርቦ ህዳር 2018 ላይ ጀመረ። መኪና የሚወድ ሰውዬ መኪና ሊሰራ መኪናውን ሸጦ በባጃጅ ስራ ይሄዳል፣ ሚስቱ ይሄን እያነሳች ትስቅበታለች።

የሙከራ ጊዜው በህጉ 60 የስራ ቀን ነው፣ እሱን አለፈ። የከበደው ነገር እኛ ያልነው አልነበረም። እኛ ወገቡ እጁ ምናምን ስንል የከበደው ከሱ በአስር ዓመት የሚያንስ ልጅ «ያን ዕቃ አምጣ፣ ይሄን ጥረግ» ሲለው እሺ ማለት ነበር፣ ባንክ ውስጥ «አቶ» እየተባለ ነው የኖረው። ሙቀቱም አለ፣ የአዳማ ግንቦት ቆርቆሮ ስር ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አላብራራም። ትርፍ ሰዓት ግን በደንብ ይከፈላል፣ የቀኑ አንድ ተኩል፣ የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ የበዓል ሁለት ተኩል ነው ህጉ፣ ገና ሰሞን የመስሪያ ቤት መኪና ሁሉ አንዴ ስለመጣ ያ ወር ደህና ብር ገባለት። ሁሌ እንደዛ ነው ብዬ ግን ለማንም አልናገርም።

ያልጠበቅነው የኤሌክትሪክ መኪናው ነገር ነው። አንጋፋዎቹ ቴክኒሻኖች፣ የናፍጣ ሞተር በድምጹ የሚያውቁት፣ ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ትንሽ ሸሸት ይላሉ፣ ያስፈራልም። ብርቱካናማ ገመድ ካየህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ብዙዎቹ ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚይዙ ናቸው፣ ቀጥተኛ ከረንት፣ ሊገድልህ ይችላል። መጀመሪያ ይጠፋል፣ የ12 ቮልቱ ባትሪ ይነቀላል፣ የትልቁን ባትሪ መስመር የሚቆርጠው የሰርቪስ ፕላጉ ይወጣና ማንም እንዳይመልሰው ኪስህ ትከተዋለህ፣ ውስጥ ያለው ቻርጅ እስኪወርድ ማኑዋሉ ያለውን ያህል ትጠብቃለህ፣ ብዙውን ጊዜ አስር ደቂቃ አካባቢ፣ ከዛ እስከ 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት አድርገህ ዜሮ መሆኑን ለክተህ ነው የምትነካው። ጓንቷን ራሷን ከማድረግህ በፊት አየር ሞልተህ ቀዳዳ እንዳላት ታያለህ። እንዲህ ዓይነት ተራ በተራ የሚሄድ ስራ የባንክ ካዝና ከፍቶ ለዘጋ ሰው እንግዳ አይደለም። የሚያስቀው ደሞ «ሞተች» ተብላ በመጎተቻ የምትመጣው ኤሌክትሪክ መኪና ስትታይ ብዙ ጊዜ ትልቁ ባትሪ ደህና ነው፣ የሞተችው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት፣ እሷ ካልቀሰቀሰችው ትልቁ ስራ አይጀምርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከተማ ውስጥ የምታዩዋቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ፣ እነ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ሳይቀሩ፣ በነጋዴ በኩል ከቻይና የመጡ ናቸው፣ ስክሪናቸው ቻይንኛ ነው፣ የፋብሪካ ዋስትናም የላቸውም። እነሱ የሚሄዱበት ቤት ገና እየተሰራ ያለ ገበያ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ወኪል ቤት ውስጥ ይሄን የሚማር ልጅ ከሶስት አራት ዓመት በኋላ የሚጠራው ብዙ ነው። ድርጅቱም ይሄን ስለሚያውቅ ነው አሁን የመጣው ጉዳይ የመጣው።

ለከፍተኛ ቮልቴጅ ስልጠና አዲስ አበባ ሊልኩት ነው፣ ግን ቀድሞ ፈርም ብለውታል፣ ከስልጠናው በኋላ ሶስት ዓመት ካላገለገለ የስልጠናውን ወጪ ሙሉ ይመልሳል። ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። ከአንድ ብድር ወጥቶ ሌላ ውስጥ እየገባ ነው ብዬ ሳቅኩበት፣ ከዛ ግን ቁም ነገር ተነጋገርን። ወጪው በቁጥር ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ አልተጻፈም ነበር፣ ሁለት ዓመት ሰርቶ ቢለቅም ሙሉውን ነው የሚከፍለው፣ ሰልጥኖ ሲመጣ ደሞዙ ይጨምር አይጨምር የሚል መስመር የለም። እነዚህን ሶስቱን በደብዳቤ ጠይቅ፣ ተጨቃጭቀህ አይደለም፣ እንደ ባንክ ሰው ጻፈው አልኩት። ጻፈው። ወጪውን በቁጥር አስገቡለት፣ ያገለገለበት ጊዜ እየተሰላ እንዲቀነስ ተስማሙ፣ ደሞዙን ግን «ከስልጠናው በኋላ ይታያል» ብለው ነው የመለሱት። ባለቤቱ በአፍ ይታያል የሚባል ነገር አይገባኝም፣ ቢያንስ በስንት ወር ውስጥ እንደሚታይ ይጻፍ አለች፣ እሱንም በስድስት ወር ውስጥ ብለው ጻፉለት። ባለፈው ሰኞ ፈረመ።